ያረጀ ፒክአፕና የደከመ ትራንስፈር፦ በአነስተኛ ወጪ ምን ማድረግ እንችላለን?

በአገራችን ገጠር አሮጌ ፒክአፕ ብዙ ሥራ ይሠራል። እህል ወደ ገበያ ያወርዳል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያመጣል። ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። መንገዱ ጭቃና ዳገት የበዛበት ስለሆነ ብዙ ሰው የሚፈልገው በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን ነው። ቶዮታ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ሃይሉክስ ማቅረብ የጀመረው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ70 ቁጥር የሚታወቀው ላንድክሩዘር ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከእነዚህ ዓይነት መኪኖች እድሜ ጠግበው ዛሬም ጭነት የሚያነሱ አሉ።

አዲስ መኪና መግዛት ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን አስወደደው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ከፍ አለ። ስለዚህ ያለችንን መኪና ጠግኖ ማሠራት የግድ ነው።

በዚህ ትምህርት የምናየው ከመኪናዋ ዕቃዎች አንዱን፣ እርሱም ትራንስፈር የሚባለውን ነው። ሲያረጅ ምን ምልክት ያሳያል? በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይጠገናል? የትኛው ርካሽ ነገር በእርግጥ ርካሽ ነው? የትኛውስ ሰው ይገድላል? እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

1. ትራንስፈር ምንድን ነው?

የሞተር ጉልበት በፍሪሲዮን በኩል አልፎ ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮው ኋላ ተያይዛ የተቀመጠች አንዲት የብረት ሣጥን አለች። በውስጧ ማርሾች፣ ዘንጎች፣ ኩሽኔታዎችና ዘይት ይገኛሉ። ትራንስፈር የምንለው ይህችን ሣጥን ነው።

ትራንስፈር ሁለት ሥራ አላት። አንደኛ፣ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ብቻ ወይም ለአራቱም ጎማዎች ታከፋፍላለች። ሁለተኛ፣ ከባድ ማርሽ ስናስገባ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ቀንሳ ጉልበቱን በእጥፍ ገደማ ታሳድጋለች።

በሾፌሩ አጠገብ ባለው በትንሹ የማርሽ ዘንግ ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፎ እናያለን። ትርጉሙም እንደሚከተለው ነው።

ኤች 2፦ መደበኛ ፍጥነት፣ በኋላ ጎማ ብቻ።
ኤች 4፦ መደበኛ ፍጥነት፣ በአራቱም ጎማ።
ኤል 4፦ ዝቅተኛ ፍጥነትና ብዙ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ።
ኤን፦ ነጻ። ጉልበት ወደ የትኛውም ጎማ አይሄድም።

ይህችን «ኤን» የምትባለውን ፊደል ልብ እንበል። ትራንስፈር ኤን ላይ ስትሆን ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ሞተሩና ጎማዎቹ ተለያይተዋል ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር ከዚህ ይነሣል።

2. የደከመች ትራንስፈር ለምን አደገኛ ናት?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደውን ወይም በሊማሊሞ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጭነት የያዘ መኪና እንዲህ ያለውን ቁልቁለት የሚወርደው በፍሬን ብቻ አይደለም። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። ፍሬን ብቻውን ለብዙ ጊዜ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

አሁን ትራንስፈሯ አርጅታ ማርሽ የምትተፋ ናት እንበል። መኪናው በኤል 4 ቁልቁል እየወረደ ሳለ ዘንጉ በራሱ ዘሎ ኤን ላይ ቢወድቅ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆማል። መኪናው ይለቃል። ከኋላ ጭነት ላይ ሰው ተቀምጦ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው። ዳገት ላይ በማርሽ የቆመ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ትራንስፈሯ ከተፋች በማርሽ ቆሟል ተብሎ አይታመንም።

ስለዚህ «ትንሽ ትጮሃለች እንጂ ትሄዳለች» ማለት ለሁሉም በሽታ አይሠራም። ጩኸት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ማርሽ የምትተፋ ትራንስፈር ግን ሳትጠገን ቁልቁለት መግባት የለባትም።

3. በመጀመሪያ በሽታውን ማወቅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን ያላወቀም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ጩኸት ሲሰማ ወዲያው ሌላ ትራንስፈር ሊገዛ ይሮጣል። ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ ጩኸቱ እንዳለ ይቀራል። ለምን? በሽታው ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። ትራንስፈር ሳትከፈት የሚከተሉትን እንመርምር። ምርመራው ወጪው ትንሽ ነው።

ሀ/ ዘይቱን ማየት። መኪናውን በሜዳ ላይ አቁመን የላይኛውን የዘይት ቡሎን እንፈታለን። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ከጎደለ በየት እንደፈሰሰ እንፈልግ። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል። የታችኛው ቡሎን ማግኔት ካለው ማግኔቱን እንይ። እንደ ቅባት የላመ ጥቁር ብናኝ በአሮጌ መኪና የተለመደ ነው። በጣት የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ካለ ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል።

ለ/ የካምቢዮውንም ዘይት አብሮ ማየት። በካምቢዮና በትራንስፈር መካከል ያለው የዘይት ሲል ሲበላ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ትራንስፈሯ ከመጠን በላይ ሞልታ ካምቢዮው ደርቆ ይገኛል። ከውጭ አንድ ጠብታ ስለማይፈስ ባለቤቱ አያውቅም። ካምቢዮው በዘይት እጦት ሲያልቅ ነው የሚነቃው።

ሐ/ መተንፈሻዋን ማየት። ከሣጥኗ በላይ የምትወጣ መተንፈሻ አለች። በጭቃ ከተደፈነች ሣጥኗ ስትሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ይህችን መጥረግ ብቻ የዘይት መፍሰስን የሚያቆምበት ጊዜ አለ።

መ/ ክሮቼራና ትራስሚሲዮንን መነቅነቅ። ጎማዎቹን በታኮ አስይዘን ትራስሚሲዮኑን በእጃችን እናዙር፤ ወደ ላይና ወደ ታችም እንነቅንቀው። መኪናው ሲነሣ «ቋ» የሚለው ብዙ ጊዜ ክሮቼራ ነው። የክሮቼራ ዋጋ ከትራንስፈር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሠ/ የመቀመጫ ጎማውንና ማርሽ የምትይዘውን ሞላ ማየት። የካምቢዮ መቀመጫ ጎማ ሲቀደድ ሣጥኑ ስለሚንቀሳቀስ ማርሽ ሊያስተፋ ይችላል። ማርሹን በቦታው የምትይዝ አንዲት ትንሽ ኳስና ሞላም አለች። ሞላዋ ስትደክም ማርሽ ይወጣል። ትልቁን ነገር ከመጠርጠራችን በፊት እነዚህን ትንንሾቹን እንቀይር።

ረ/ በድምፅ መለየት። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን፣ አራቱንም ጎማ በታኮ አስይዘን፣ የእጅ ፍሬን እንሳብ። ትራንስፈሯን ኤን ላይ አድርገን ሞተሩን እናስነሣ። ካምቢዮውን ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለን እንልቀቅ። መኪናው አይሄድም፤ ነገር ግን ካምቢዮውና የትራንስፈሯ የፊት ማርሾች ይዞራሉ። ጩኸቱ በዚህ ጊዜ ከተሰማ በሽታው ከነዚህ አንዱ ዘንድ ነው። መኪናው ሲሄድ ብቻ ከሆነ የሚሰማው፣ የትራንስፈሯን መውጫ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራውን ወይም ዲፈረንሻሉን እንጠርጥር።

4. ምርጫዎቹ፣ ከትንሹ ወጪ ወደ ትልቁ

አንደኛ ምርጫ፦ ዘይት፣ ሲልና ትንንሽ ዕቃዎች። በሽታው የዘይት መፍሰስ፣ የተደፈነ መተንፈሻ፣ የደከመ ሞላ ወይም የተቀደደ የመቀመጫ ጎማ ከሆነ ሣጥኗን መበተን አያስፈልግም። አሮጌውን ዘይት አፍስሶ አዲስ የማርሽ ዘይት መሙላት ነው። በነዚህ ፒክአፖች ላይ ሁለት ሊትር ያህል ይበቃል። በካምቢዮና በትራንስፈር መካከል ያለውን ሲል ለመቀየር ግን ትራንስፈሯን ማውረድ የግድ ነው።

ሁለተኛ ምርጫ፦ ኩሽኔታና ሲል በሙሉ መቀየር። ማርሾቹ ጥርሳቸው ደህና ሆኖ ጩኸቱ ከኩሽኔታ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በየጋራዡ ይታያል፤ የጮኸውን አንዱን ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ መዝጋት። የተቀሩት ያንኑ ኪሎ ሜትር የሄዱ ስለሆኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ተራቸው ይደርሳል። ያን ጊዜ የመበተኛው የእጅ ዋጋ እንደገና ይከፈላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተበተነች ኩሽኔታና ሲል ሁሉ ይቀየር። መካኒኩ ሲገጥም በዘንጎቹ ዳር ያሉትን ስስ ማስተካከያ ቆርቆሮዎች ለክቶ መመለስ አለበት። ከጠበቁ ኩሽኔታው ይነዳል፤ ከላሉ ማርሹ ይወጣል።

ሦስተኛ ምርጫ፦ የተበላውን ማርሽ ወይም ዘንግ ለይቶ መቀየር። ማርሽ የምትተፋ ትራንስፈር ስትከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥርሱ ዳር ዳሩ የተበላ ማገናኛ ቀለበት ነው። ቀለበቱንና የሚገባበትን ማርሽ አብሮ መቀየር ይገባል። አዲስ ከተበላ አሮጌ ጋር ሲገጠም አዲሱም ቶሎ ይበላል። ሣጥኗ ራሷ በዘንግ ማስገቢያው ላይ ከሰፋችና ዘይት የምታፈስ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን አስተካክሎ በልኩ የተሠራ ቀለበት ማስገባት ይቻላል። ይህን ሥራ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ለሚሠራ ባለሙያ እንስጥ። ዘንጉ ትንሽ ከዘመመ ማርሾቹን ሁሉ ያበላሻል።

በአንዳንድ መኪኖች ውስጥ ጉልበቱን ወደ ፊት የሚያስተላልፈው ካቴና ነው። ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል፤ ዳገት ላይ ጥርስ ይዘላል። ይህም ከሆነ ካቴናውንና አብሮት የተበላውን ጥርስ ብቻ መቀየር ይቻላል።

አራተኛ ምርጫ፦ ያገለገለች ትራንስፈር መግዛት። ሣጥኗ ከተሰነጠቀች ወይም ብዙ ማርሽ ከተሰበረ ይህ ምርጫ ይመጣል። ከተጋጨ ወይም ሞተሩ ከሞተ መኪና የወጣ ዕቃ ይገኛል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በመኪና መለዋወጫ የታወቀው ሶማሌ ተራ ነው። ስንገዛ ግን እንጠንቀቅ።

መጀመሪያ የኛን አሮጌ ትራንስፈር ይዘን ወይም ለክተን እንሂድ። በካምቢዮው ዘንግ ላይ ያሉት ጥርሶች ቁጥር እኩል መሆን አለበት። የቡሎኖቹ ቀዳዳና የፊት ትራስሚሲዮን መውጫውም አንድ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዘይቷ ገና ካልተደፋ ቡሎኗን አስፈትተን ማግኔቱን እንይ። ዘይቱን እናሽት፤ የተቃጠለ ሽታ ካለው እንተወው። ሦስተኛ፣ ዘንጉን በእጃችን እያዞርን እያንዳንዱን ማርሽ እናስገባ። መንገጫገጭ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። አራተኛ፣ ከውጭ ታጥባ የተቀባች ዕቃ ቀለሟ አያታልለን። አምስተኛ፣ ካልሠራች የምትመለስበትን ቀን ሻጩ በደረሰኙ ላይ ይጻፍልን፤ ይፈርምበትም። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ብልሃት አለ። አሮጌዋን ወደ ቁራሌ አንጣላት። ከሁለቱ ደህና ደህናውን መርጦ አንዲት ጥሩ ትራንስፈር ማውጣት ይቻላል። የተረፈውም ለነገ መለዋወጫ ይሆናል።

አምስተኛ ምርጫ፦ አዲስ መግዛት። ገንዘብ ካለ መልካም ነው። ነገር ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ሻንሲውም በደከመ መኪና ላይ አዲስ ትራንስፈር መግጠም በተቀደደ ኩታ ላይ ወርቅ እንደመጥለፍ ይቆጠራል።

ለጊዜው የሚሆን መላ፦ የተበላሸው የፊቱ ክሮቼራ ወይም የፊቱ ዲፈረንሻል ከሆነና ገንዘብ እስኪገኝ መሥራት ካለብን፣ የፊቱን ትራስሚሲዮን አውልቀን በኤች 2 በኋላ ጎማ ብቻ መሥራት ይቻላል። ይህ ለደረቅና ሜዳ መንገድ ነው። እንደ ላንድሮቨር ዲፌንደር ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ለሚሄድ መኪና ግን ይህ መላ እንደዚሁ አይሠራም፤ የመካከሉ ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ መኪናው አይንቀሳቀስም። ትራንስፈሯ ማርሽ የምትተፋ ከሆነም ትራስሚሲዮን ማውለቅ መድኃኒት አይሆናትም።

5. ሒሳቡን እንሥራ

አንድ የገበሬዎች ማኅበር አሮጌ ፒክአፕ አለው እንበል። ሦስት ዋጋ ቀረበለት። ቁጥሮቹን ያስቀመጥናቸው ለስሌት ልምምድ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ያገለገለች ትራንስፈር 90,000 ብር፤ 2 ዓመት ትሠራለች ተብሎ ቢገመት፦ 90,000 ÷ 2 = በዓመት 45,000 ብር።
አሮጌዋን በትኖ ኩሽኔታ፣ ሲልና የተበላ ማርሽ መቀየር 100,000 ብር፤ 5 ዓመት ትሠራለች ቢባል፦ 100,000 ÷ 5 = በዓመት 20,000 ብር።
አዲስ 400,000 ብር፤ 10 ዓመት ትሠራለች ቢባል፦ 400,000 ÷ 10 = በዓመት 40,000 ብር።

በመጀመሪያ ዕይታ ርካሽ የመሰለችው 90,000 ብሯ ናት። በዓመት ሲካፈል ግን ከሁሉም የምትወደደው እርሷ ሆነች። በዚህ ላይ መኪናው ቆሞ የሚያሳልፋቸውን ቀናት እንጨምር። በመኸር ወቅት አንድ ሳምንት የቆመ መኪና ያሳጣን ገቢም ወጪ ነው።

6. ርካሽ የሚመስሉ፣ ግን የማይገቡ ዘዴዎች

ማርሽ የምትተፋውን ዘንግ በካላማዳሪያ ቁራጭ ማሰር። ዘንጉ የተያዘ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው የተበላ ጥርስ ግን አልዳነም። ጫናው ሲበዛ ካላማዳሪያው ይበጠሳል፤ የሚበጠሰውም ቁልቁለት ላይ ነው።

ጩኸት ለማጥፋት ሰጋቱራ ወይም ግራሶ በዘይቱ ውስጥ መጨመር። መኪና ሸጦ ለማምለጥ የሚፈልግ ሰው የሚያደርገው ነው። ሰጋቱራ የዘይት መተላለፊያውን ይደፍናል፤ ግራሶም ወደ ኩሽኔታው እንደ ዘይት አይፈስም። አሮጌ መኪና ስንገዛ ዘይቱን በጣታችን ነክተን የምናየው ለዚህ ጭምር ነው።

የተሰበረ የማርሽ ጥርስ በብየዳ መሙላት። የማርሽ ጥርስ ላዩ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። ብየዳ ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ጥርሱ እንደገና ይሰበርና ስባሪው ሌሎቹን ማርሾች ይዞ ይጠፋል።

7. ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉም የሚረክሰው ጥገና መጠንቀቅ ነው።

በደረቅ አስፋልት ላይ በኤች 4 አንንዳ። በነዚህ ፒክአፖች የፊትና የኋላ ጎማዎች በኤች 4 አንድ ላይ ይታሰራሉ። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያቃልለዋል። አስፋልት ላይ ስለማይንሸራተት ጫናው ሁሉ በማርሾቹ ላይ ይወድቃል።

አራቱም ጎማዎች አንድ ልክ ይሁኑ። ከፊት ትንሽ፣ ከኋላ ትልቅ ጎማ አድርጎ በአራቱም ጎማ መንዳት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ኤል 4 ስናስገባ መኪናውን እናቁም። እየሮጠ ማስገባት ጥርሱን ይበላዋል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማስገባት እንጂ መሐል ላይ ማሰብ አይገባም።

ዘይት በየጊዜው እንቀይር። የመኪናው መጽሐፍ ካለ እርሱን እንከተል፤ ብዙ ጊዜ በ40,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጭነት ለሚበዛበትና አቧራ ለሚውጥ መኪና በ20,000 ቢሆን ይሻላል። ወንዝ ውስጥ በጥልቀት የገባ መኪና ግን ኪሎ ሜትር ሳንቆጥር ዘይቱን እንይ። የቀየርንበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር እንጻፍ። ሾፌሩ ቢለወጥ ደብተሩ ይናገራል።

የቃላት ፍቺ

ትራንስፈር — ከካምቢዮ ኋላ ያለች፣ ጉልበትን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የምታከፋፍል የማርሽ ሣጥን።
ኩሽኔታ — ዘንግ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ፣ ኳሶች ወይም ትንንሽ በርሜሎች ያሉበት የብረት ቀለበት።
ሲል — ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት።
ትራስሚሲዮን — ጉልበትን ከትራንስፈር ወደ ዲፈረንሻል የሚወስድ ረጅም ዘንግ።
ክሮቼራ — በትራስሚሲዮን ጫፍ ያለ የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ።
ታኮ — መኪና እንዳይንከባለል ከጎማ ሥር የሚደረግ ሽብልቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ትራንስፈር ኤን ላይ ስትሆን በማርሽ የቆመ መኪና ለምን አይታመንም?
2. የትራንስፈር ዘይት ከመጠን በላይ ሞልቶ ቢገኝ ሌላ የትኛውን ዘይት ማየት አለብን? ለምን?
3. ሣጥኗ ሳትከፈት ሊደረጉ የሚችሉ አራት ምርመራዎችን ጻፉ።
4. አንድ ሰው 60,000 ብር አውጥቶ ያሠራት ትራንስፈር 4 ዓመት አገለገለች። ጎረቤቱ በ36,000 ብር የገዛት 1 ዓመት ከ6 ወር ሠራች። በዓመት ለማን ረከሰለት? በስንት ብር?
5. በአካባቢያችሁ ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ፣ ማርሽ የሚተፋ መኪና አለን? ካለ ለባለቤቱና ለተሳፋሪው ምን ትመክራላችሁ? ተወያዩበት።